ሰሜን ተራሮችን በጀበና ቡና መሳል፣ ከአቦል እስከ በረካ

ሰሞኑን ሦስት አራት ልጆች "ዋልያና ገደል መሳል እንፈልጋለን ግን ቀለሙ ውድ ነው፣ ከየት እንጀምር" እያሉ ሲጠይቁኝ ለእያንዳንዱ በቮይስ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ፣ የአርት ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ፣ ወረቀት እያበላሸሁ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ፕሮፌሽናል የሆናችሁ ዝለሉት። እዚህ የምነግራችሁ አንድ ስዕል ከባዶ ወረቀት ተነስቶ ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል እንዴት እንደምሠራ ነው፤ ቀለሙ ቡና ነው፣ አዎ የሚጠጣው፣ ትንሽ ቀይ አፈርም አለበት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። መጀመሪያ የሚሳለው ገደሉ ነው፣ እንስሳው በኋላ ነው የሚመጣው። ይሄን ያወቅኩት ተዋርጄ ነው። የመጀመሪያዬን ዋልያ ስስል ወረቀቱ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ዋልያ ገተርኩ፣ ከኋላው ምንም የለም፣ ከሥሩ ሳር ቢጤ ጫር ጫር አደረግኩና ሳሎን አስቀመጥኩት። አባቴ ሲገባ አየውና "ይሄን ሙክት ለየትኛው በዓል ነው ያደለብከው?" አለኝ። ተናድጄ ነበር ግን ልክ ነው። ዋልያን ከፍየል የሚለየው ፍየል የማይደርስበት ጫፍ ላይ መቆሙ ነው፣ ገደሉን ስታነሱበት ሙክት ይሆናል በቃ።

ቡናውን ወደ ቀለም መቀየር

እሁድ ቤት ቡና ሲፈላ ጎን ለጎን ነው የማዘጋጀው፣ እናቴ ከረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ ስሸሽግ እያየች እንዳላየች ትሆናለች። ከአቦሉ አንድ ሲኒ፣ ከቶናው አንድ፣ ከበረካው አንድ ትወስዳላችሁ። ይሄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ሦስቱ ሦስት የተለያየ ድምቀት ያላቸው ቀለሞች ናቸው፣ የሰሜን ተራሮችም ከዚህ በላይ አይጠይቅም፣ ቅርብ ያለው ጋራ ጠቆር፣ መሃል ያለው ደብዘዝ፣ ሩቅ ያለው ሊጠፋ ምንም ያልቀረው። አቦል ለቅርቡ፣ ቶና ለመሃሉ፣ በረካ ለሩቁ። ማን እንዳሰበው አላውቅም እንጂ የቡና ሥርዓታችን ለሠዓሊ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ስኳር እንዳይገባበት። ስኳር የገባበት ቡና ወረቀት ላይ አይደርቅም፣ ይጣበቃል፣ ደብተሩን ስትዘጉት ገጽ ከገጽ ይዞ ይቀራል፣ ደግሞ ጉንዳን ይጠራል። ጨው ያለበትም አይሆንም። ጤና አዳም ከገባበት ችግር የለውም፣ ስዕሉ ለሁለት ቀን ይሸታል፣ ሸጋ ሽታ ነው።

ሦስቱንም በንጹሕ ጨርቅ አጥሉት፣ አተላ እንዳያልፍ፣ አንድ ፍሬ አተላ ሰማይ ላይ ከወደቀ አሞራ አድርጋችሁ ከመሳል ውጪ ምርጫ የላችሁም። ከዛ አቦሉን ብቻ በትንሽ ድስት ለዘብ ያለ እሳት ላይ አድርጋችሁ ሩቡ እስኪቀር አፍሉት። አትሂዱ ከአጠገቡ፣ መጨረሻ ላይ በአንዴ ነው የሚያርረው። ሲኒውን ስታጋድሉት እንደ ውሃ ሳይሆን እንደ ዘይት ዘግየት ብሎ ከወረደ በቃ ደርሷል።

ቀጥሎ ሙጫ። ያለ ሙጫም ይሠራል፣ ግን ሙጫ ሲገባበት ቀለሙ ወረቀቱን ይይዛል፣ ለአፈሩ ደግሞ የግድ ነው። የሚያስፈልገው የግራር ሙጫ ነው፣ ገበያ ዕጣን የሚሸጡትን ጠይቁ፣ ግን አደራ ዕጣን ገዝታችሁ እንዳትመጡ፣ ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ዕጣን ግን ውሃ ውስጥ እንደ ሙጫ አይሟሟም፣ ደፍርሶ ነጭ ነገር ሆኖ ይቀራል (ይሄንንም የማውቀው አንድ ብርጭቆ አበላሽቼ ነው)። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ሙጫ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ላይ አድርጉና አሳድሩት፣ ጠዋት በጨርቅ አጥሉት፣ ጠብታ ማር ጨምሩበት እንዳይሰነጣጠቅ። ለአንድ ሲኒ ቡና አራት አምስት ጠብታ ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ቀብታችሁ አድርቁ። ቡና እርጥብ ሆኖ ከሚታየው ሲደርቅ ይገረጣል፣ ስለዚህ እርጥቡን አይታችሁ "ጠቆረ" ብላችሁ ውሃ እንዳትጨምሩ። ያንን ቁራጭ አትጣሉት፣ አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ትኩስ ቡና ነው የምሠራበት ሁሌ። ሲኒ ውስጥ የቆየ ሻጋታ ያወጣል፣ ሻጋታ ያወጣ ቡና ወረቀት ላይም ሻጋታውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ቀዩ

ሙሉ ስዕሉ ቡናማ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ቀይ ሲኖረው ነው የሚያምረው ለኔ። የጭላዳ ደረት፣ የቀይ ቀበሮ ጀርባ። ለዚህ ቀይ አፈር። ከፓርኩ ውስጥ አትቆፍሩ፣ ከተማው ዙሪያ መሠረት የሚወጣበት ቦታ ሞልቷል፣ አንድ እፍኝ ማንም አይከለክላችሁም።

አፈሩን አድርቁና አድቅቁ፣ የእናታችሁን ሙቀጫ ግን እንዳትነኩ፣ በድንጋይ በቂ ነው። የደቀቀውን ማሰሮ ወይ የፕላስቲክ ጆግ ውስጥ ብዙ ውሃ አድርጋችሁ በጥብጡት፣ አንድ ደቂቃ ያህል ተዉት፣ አሸዋው ወደ ታች ሲቀመጥ ከላይ ያለውን ድፍርስ ውሃ ወደ ሌላ እቃ ገልብጡ። አሸዋውን ድፉት። ድፍርሱ ሲያድር ደቃቁ አፈር እንደ ሊጥ ሥሩ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ፣ ላዩን ጠራ ያለውን ውሃ በቀስታ አፍስሱ፣ ጭቃውን ሰሃን ላይ አስጡት። ሲደርቅ በጣታችሁ ስታሹት እንደ ፓውደር ከሆነ ቀለም ነው፣ ከቆረቆራችሁ ድገሙት። ከዛ ከሙጫው ጋር በማንኪያ ጀርባ ማሸት ነው፣ ረጅም ጊዜ፣ እጅ እስኪዝል።

አፈሩ ቀይ የሆነው ውስጡ ባለው በዛገ ብረት ነው። የሚገርማችሁ ሰሜን ላይ ያ አጥንት ከሰማይ እየለቀቀ ድንጋይ ላይ የሚሰባብረው ትልቁ አሞራም ደረቱን የሚያቀልመው በዚሁ ነው፣ ብረት ያለበት ጭቃ ላይ ይንከባለላል፣ ላባው ሲበቅል ነጣ ያለ ነው፣ ቀዩ የተቀባው ነው። ስለዚህ እሱን ስትስሉ እሱ ራሱ በሚቀባው ቀለም ነው የምትስሉት።

ወረቀት

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ተራው የኮፒ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ አይሆንም። ውሃ ቀለም የሚችል ወረቀት ካገኛችሁ እሰየው፣ ካጣችሁ ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ የሰርግ ካርድ ቁርጥራጭ ለምኑ፣ የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ሻከር የሚለውን። አራቱንም ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ጠረጴዛ ወይ ጣውላ ላይ ለጥፉት፣ እስኪደርቅ አታንሱት። ብሩሽ ሁለት፣ አንድ ሰፊ አንድ ቀጭን። እርሳስ 2ቢ።

ሄዶ ማየት

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ፓርኩ ቢሮ ከፍላችሁ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ ያለ ስካውት አይገባም። ለጀማሪ ቡይት ራስ ይበቃል፣ ሩቅ አይደለም፣ ጭላዳም አይጠፋም፣ ገደሉም አለ። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ለሚያድር ነው፣ ዋልያ የሚፈልግ ጨነቅ ይሂድ። ለማየት ከጥቅምት ጀምሮ ያሉት ወራት ጥሩ ናቸው፣ ክረምት ላይ ጭጋጉ ጋራውን ይበላዋል፣ መስከረም መጨረሻ ደግሞ አበባው አለ። ሌሊት ውርጭ አለ፣ ጋቢ ያዙ፣ እጅ ከደነዘዘ መስመር አይወጣም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድረሱ። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ወደ ሜዳው የሚወጡት ጠዋት ነው፣ ብርሃኑም በጎን ስለሚመጣ ጋራዎቹ አንዱ ከሌላው የሚለዩት ያኔ ነው። ቀትር ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው፣ ምሳ ብሉ።

እዛ ሆናችሁ ስዕል አትጨርሱ። በእርሳስ ትንንሽ ነገር ብቻ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ሳጥን ሠርታችሁ ውስጡ የጋራውን ጠርዝ መስመር፣ ከፊት ወደ ኋላ ቁጥር እየሰጣችሁ፣ 1፣ 2፣ 3። የትኛው በጣም ጠቆረ፣ የትኛው ጠፋ። አንዱን በአምስት ደቂቃ፣ አሥር ያህል ሥሩ። በስልክም አንሱ ግን ስልክ ሩቁን ያሳንሰዋል፣ ያ 1,500 ሜትር ድረስ የሚወርድ ገደል ፎቶ ላይ ደረጃ ነው የሚመስለው፣ እርሳሱ ነው የሚያስታውሳችሁ።

እንስሳ አታባሩ፣ አትመግቡ፣ ለፖዝ ብላችሁ ድንጋይ አትወርውሩ (አይቻለሁ ሲወረውሩ፣ ትልልቅ ሰዎች)። ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው ከሚላቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር፣ አንዱ ምክንያት የዋልያና የቀይ ቀበሮ መመናመን ነው። ጅብራ (ያ የደጋው ረጅም ተክል) ነቅላችሁ፣ ላባ ለቅማችሁ ስዕል ላይ መለጠፍም ይቅር።

መንገዱ የማይሆንበት ጊዜ አለ፣ እናውቃለን። ያኔ ጎሃ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ፀሐይ ልትገባ ስትል ዙሪያውን ያለውን ጋራ እዩ፣ ያው ድርብርብ ነው፣ ትምህርቱ አንድ ነው። ለሥርና ለግንድ ፋሲል መዋኛ፣ አጥሩን አንቀው የያዙት ሥሮች በዓለም ላይ አሉ ከሚባሉ የድሮዊንግ አስተማሪዎች ይበልጣሉ። ለጥድና ለወይራ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይ ቁስቋም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ጎግል ላይ ዋልያ ብላችሁ ስትፈልጉ የሌላ አገር ዘመዶቹ ተደባልቀው ይመጣሉ። በረዶ ላይ የቆመ ካያችሁ የኛ አይደለም በሉ።

ጋራውን መደርደር

አሁን ቤት ናችሁ፣ ወረቀቱ ተለጥፏል፣ ሦስት ሲኒ፣ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ፣ አንድ ጨርቅ።

በእርሳስ ስስ አድርጋችሁ የጋራዎቹን ጠርዝ አውጡ፣ ስድስት መስመር። ሦስት ማዕዘን አትሳሉ! ሁላችንም ጋራ ሲባል ሦስት ማዕዘን የምንስለው ኬጂ ደብተር ላይ እንደዛ ስላየነው ነው። ሰሜን አምባ ነው፣ አናቱ ሜዳ ሆኖ ይሄድ ይሄድና ድንገት ቁልቁል ይቆረጣል፣ ከዛ ትንሽ ደረጃ፣ እንደገና ይቆረጣል። መስመራችሁ አግድም፣ ቁልቁል፣ አግድም፣ ቁልቁል ነው።

ሰማዩን ተዉት፣ ነጭ ወረቀት ነው።

የመጨረሻው ሩቅ ጋራ፣ በረካ ከእኩል ውሃ ጋር። በሰፊው ብሩሽ ከጠርዙ ጀምራችሁ ወደ ታች ሳቡ፣ ግማሽ ላይ ስትደርሱ ብሩሹን ንጹሕ ውሃ ውስጥ አጥባችሁ ቀለሙን በውሃ ብቻ ወደ ታች አውርዱት፣ እየጠፋ ይሄዳል። ያ ጭጋጉ ነው። ሸለቆ ውስጥ ጭጋግ ስለሚተኛ የእያንዳንዱ ጋራ አናቱ ጠቆር፣ ሥሩ ፈዘዝ ይላል፣ ሙሉ ሚስጥሩ እዚህች ጋ ናት።

ከዛ መጠበቅ። እስኪደርቅ፣ በደንብ፣ በእጃችሁ ጀርባ ስትነኩት የማይቀዘቅዝ። ቡና ደርቆም ቢሆን ውሃ ሲነካው ተመልሶ ይነሳል፣ ስለዚህ በሁለተኛው ላይ ስትመጡ አንዴ ብቻ ሳብ፣ አታሹት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፣ ያልደረቀው ላይ ይመጣና ሁለት ጋራ ይዋሃድበታል፣ ሊያስተካክል ያሻዋል፣ ጭቃ ይሆናል። እኔ በየመሃሉ ሌላ ሥራ እሠራለሁ፣ ሽንኩርት ልጡልኝ ካሉኝ እልጣለሁ።

ሁለተኛው ጋራ በረካ ብቻውን። ሦስተኛው በረካ ከቶና ጋር። አራተኛና አምስተኛ ቶና፣ አምስተኛው ላይ ሁለት ጠብታ አቦል። ስድስተኛው፣ እናንተ የቆማችሁበት ገደል፣ ሩቡ እስኪቀር የፈላው አቦል ወፍራም ሆኖ። እሱን በሰፊው ብሩሽ አትቀቡት፣ ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠረግ አድርጋችሁ ደረቅ ደረቁን ቁልቁል ጎትቱት፣ የወረቀቱ ሻካራ እየተወ ያልፋል፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ይሆናል። ይቺን ሳገኝ የዛን ቀን ሦስት ወረቀት ሙሉ ድንጋይ ብቻ ነው የሠራሁት።

ገደሉ ጫፍ ላይ ጅብራ አቁሙ አንድ ወይ ሁለት። ጅብራ ዕድሜውን ሙሉ ቆይቶ አንዴ ያብብና ይሞታል፣ የአበባው ዘንግ ሲወጣ ከሰው ቁመት እጥፍ ያልፋል። ለስዕል ወርቅ ነው፣ አግድም በበዛበት ስዕል ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ነገር። ቅጠሉን ከመሃል ወደ ውጭ፣ እንደ ፀሐይ ጨረር፣ በቀጭኑ ብሩሽ ፈጠን ፈጠን እያላችሁ። ከሥሩ ጓሳ ሳር፣ አስታ ቁጥቋጦ። አበቃ።

እንስሳው

አሁን መጣ። ኤ4 ወረቀት ላይ ዋልያው የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው፣ አይብለጥ። ባነሰ ቁጥር ገደሉ ይገዝፋል።

ዋልያ በጎን ነው የሚሳለው። በኛ በጥንቱ ሥዕል ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ነው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት እንዳሉ እያፈጠጡ ነው የሚያዩን፣ እኔም ከልጅነቴ ዓይኔ ስለለመደው መጀመሪያ ዋልያውን ፊት ለፊት ነበር የምስለው። ቀንዱ ግን ፊት ለፊት ሁለት ጉቶ ነው የሚመስለው። ይቅር ይበለንና ዋልያን እንደ ይሁዳ በጎን ሳሉት።

ቀንዱ ከየት እንደሚበቅል ተጠንቀቁ። ቡይት ራስ አንድ ስካውት፣ አዛውንት ናቸው፣ ደብተሬን አጮልቀው አዩና "ልጄ፣ ከጆሮው ነው እንዴ ያበቀልክለት?" አሉኝ። "ታዲያ ከየት ነው ጋሼ?" ስላቸው በዱላቸው መሬት ላይ ሳሉልኝ፣ ከዓይኑ ከፍ ብሎ ግንባሩ ላይ፣ ከጆሮው ፊት፣ ተነስቶ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ የወንዱ ወፍራምና ረጅም፣ ፊቱ ላይ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው፣ የሴቷ አጠር ቀጠን ያለ። አንድ መስመር ነበር፣ ሦስት ሰከንድ አልፈጀባቸውም። እስካሁን የኔ ቀንድ የሳቸውን አያክልም። ጢም ለወንዱ፣ ሆዱ ነጣ ያለ፣ እሱን ባዶ ወረቀት ተዉለት።

ጭላዳ ደግሞ የተቀመጠ ሳሉ፣ አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ሳር እየነጨ በቂጡ እየተንሸራተተ ነው የሚውለው። ቅርጹ ድንች ነው፣ ወንዱ ጎፈር ስላለው ትልቅ ድንች ነው። ቶና ቀቡ፣ ሲደርቅ ጎፈሩን በአቦል ጫር ጫር፣ መጨረሻ ላይ ደረቱ ላይ አንዲት ጠብታ ቀይ አፈር፣ መሃሏ ቀጠን ያለ። በቃ ሕይወት ይዘራል።

ቀይ ቀበሮ ውሻ እንዳይሆንባችሁ እግሩን አስረዝሙ፣ አፉን አሹሉ፣ ጉሮሮውን ነጭ ተዉት፣ የጭራውን ጫፍ በአቦል። በአገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያደገው 500 የማይሞላ እንስሳ ስለሆነ እኔ በአንድ ስዕል ከአንድ በላይ አላደርግም፣ መንጋ ቀበሮ ሳየው ውሸት ይመስለኛል። ቁራ ለሚወድ፣ ምንቃሩ ከጭንቅላቱ የሚገዝፈው ቁራ አለ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከአቦል ጋር የተፈጠረ ነው።

ማድረቅና መስቀል

ሲያድር ፕላስተሩን በአግድም ቀስ ብላችሁ አንሱ። ከተጨማደደ ከጀርባው በእርጥብ ጨርቅ እፍ የማለት ያህል አርጥባችሁ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሃል ወፍራም መጽሐፍ ጫኑበት። መስታወት ያለው ፍሬም ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ቡና በፀሐይ ይነጣል። ለቱሪስት የምትሸጡ ከሆነ ይሄን ለገዢው ንገሩት፣ ቡና መሆኑን ስትነግሩት ደግሞ ዋጋው ራሱ ከፍ ይላል።

ጀርባው ላይ በእርሳስ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያጋጠማችሁን ጻፉ። የኔ መኝታ ቤት ያለው ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ "ቡይት ራስ፣ ኅዳር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ብርድ። ስድስት ጋራ ነበር። አምስተኛው የሌለው እማ ቶናውን ለእንግዳ ስለቀዳችው ነው።"